የአይቲ ለውጥ አስተዳደራችን እየሠራ መሆኑን በምን እናውቃለን? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በባንክ፣ በሆስፒታል፣ በዩኒቨርሲቲና በመንግሥት መሥሪያ ቤት የአይቲ ክፍል የሚሠሩ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ ደርድሬያቸዋለሁ።

ቼንጅ ማኔጅመንት ስትሉ የትኛውን ነው? ሠራተኛውን ከአዲስ አሠራር ጋር ማላመድን?

አይደለም። ስሙ ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው ያምታታዋል። እዚህ የምናወራው ሥራ ላይ ባለ ሲስተም ላይ ስለሚደረግ ለውጥ ነው። ሰርቨር ላይ ፓች (ስሕተት የሚያርም ማሻሻያ) መጫን፣ ፋየርዎል (የኔትወርክ መከላከያ) ላይ አንድ መስመር መጨመር፣ ዳታቤዝ ማስተካከል፣ አዲስ የሞባይል ባንኪንግ መተግበሪያ ማውጣት፣ ሁሉም ለውጥ ነው። ማን ጠየቀው፣ ማን አየው፣ መቼ ይደረጋል፣ ካልተሳካ እንዴት ይመለሳል የሚሉትን የምንይዝበት አሠራር ነው ለውጥ አስተዳደር የሚባለው።

አይቲል (የአይቲ አገልግሎት አስተዳደር መመሪያ) የተማራችሁ ካላችሁ በአራተኛው እትም ስሙ ቼንጅ ኢኔብልመንት መሆኑን ታውቃላችሁ። ስሙ የተቀየረው በምክንያት ነው። ሥራው ለውጥን ማገድ ሳይሆን ለውጡ በሰላም እንዲያልፍ ማገዝ ነው። የምትለኩትም ይህንኑ ነው።

ሲስተሙ እየሠራ አይደል? ለምን መለካት ያስፈልጋል?

ምክንያቱም ሲስተም አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብሎ አይወድቅም፤ ሰው ሲነካው ነው የሚወድቀው። የጉግል የሲስተም አስተማማኝነት መሐንዲሶች ከራሳቸው ልምድ እንደጻፉት፣ ከመቋረጦች 70 በመቶ ያህሉ የሚመጡት ሥራ ላይ ባለ ሲስተም ላይ ከሚደረግ ለውጥ ነው። በኛም ሀገር በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በአንድ ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ደንበኞች ሒሳባቸው ውስጥ ካለው በላይ ለሰዓታት ገንዘብ ሲያወጡና ሲያስተላልፉ አደሩ። ብሔራዊ ባንክ ባወጣው መግለጫ ችግሩ የተፈጠረው በጥገናና ፍተሻ ሥራ ወቅት መሆኑን ገልጿል።

መስኮት ላይ የቆመ ሰው "ሲስተም የለም" ሲባል ከጀርባ ማን ምን እንደነካ አያውቅም። እኛ ግን ማወቅ አለብን። ካልለካን የምናውቀው በስሜት ብቻ ነው፤ ስሜት ደግሞ የሚያስታውሰው ትልቁን አደጋ እንጂ በየሳምንቱ የሚደጋገመውን ትንሹን አይደለም።

ብዙ መለኪያ ተነገረኝ። ከየቱ ልጀምር?

ከአንዱ ጀምሩ፦ ካደረግናቸው ለውጦች ውስጥ ስንቱ ችግር አመጣ? የወደቁትን ለጠቅላላው አካፍላችሁ በ100 ማባዛት ነው። በወር 80 ለውጥ አድርጋችሁ 6 ከወደቁ 7.5 በመቶ ማለት ነው። ይህ ሲለመድ ሁለተኛውን ጨምሩ፤ ችግር ሲመጣ አገልግሎቱን ለመመለስ ስንት ደቂቃ ወሰደ?

ዶራ የሚባለው የጥናት ቡድን ለዓመታት የተከታተላቸው መለኪያዎች አራት ናቸው። ሁለቱ እነዚህ ናቸው፤ የቀሩት ሁለቱ በምን ያህል ጊዜ ልዩነት ለውጥ ታወጣላችሁ፣ አንድ ለውጥ ተሠርቶ እስኪወጣስ ስንት ቀን ይፈጃል የሚሉት ናቸው። ጥናቱ ያሳየው ጎበዝ ቡድኖች ፍጥነትንም ደኅንነትንም አብረው እንደሚይዙ ነው። ስለዚህ "ቀስ ካልን አንሳሳትም" የሚለውን ሐሳብ ቁጥር ሳታዩ አትመኑት። በወሩ የተዘጋ ቲኬት (የሥራ ወይም የብልሽት መዝገብ) ብዛትን ግን ተዉት። ቲኬት መዘጋቱ የሚናገረው ቲኬት መዘጋቱን ብቻ ነው።

"የወደቀ ለውጥ" የሚባለው የቱ ነው? ሮልባክ የተደረገ (ወደ ነበረበት የተመለሰ) ብቻ?

ብዙ ቡድን የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሮልባክ የተደረገ ለውጥ በግልጽ ወድቋል። ግን ሳይመለስ በነጋታው በጥድፊያ የተጠገነም ወድቋል። ሌላ ሲስተም ያበላሸም ወድቋል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ማለቅ የነበረበት ሥራ ቅርንጫፎች ከተከፈቱ በኋላ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ካለቀ፣ ምንም እንኳን በመጨረሻ ቢሠራም፣ ያን ጠዋት ወረፋ ለጠበቀው ደንበኛ ወድቋል።

አንድ ደግሞ የሚረሳ አለ። ምንም ሳያበላሽ የታሰበለትን ጥቅም ያላመጣ ለውጥ። ሪፖርት ቶሎ እንዲወጣ ተብሎ ዳታቤዙ ላይ ኢንዴክስ (ፍለጋ የሚያፈጥን ማውጫ) ተጨመረ እንበል፤ ሪፖርቱ እንደ ድሮው 40 ደቂቃ ይፈጃል። ሲስተሙ አልተነካም፣ ቲኬቱ "ተሳክቷል" ተብሎ ተዘግቷል፣ ግን ምን ተሳካ? ይህን ለብቻው መዝግቡት። የአደጋ ቁጥር ውስጥ አትክተቱት፤ "ዓላማውን ያልመታ" የሚል ሌላ ምድብ ስጡት። ትርጉሙን ደግሞ አስቀድማችሁ ጽፋችሁ ተስማሙበት፤ አለዚያ በየወሩ መጨረሻ ክርክር ነው።

ስንት በመቶ ነው ጥሩ የሚባለው?

ለሁሉም የሚሆን ቁጥር የለም። በሳምንት 200 ጊዜ የድረ ገጽ ለውጥ የሚያወጣ ቡድንና በዓመት ሁለቴ ኮር ባንኪንግ (የባንኩን ዋና የሒሳብ ሲስተም) የሚያሻሽል ቡድን በአንድ መስፈሪያ አይሰፈሩም። ራሳችሁን ካለፈው ራሳችሁ ጋር አወዳድሩ። ባለፉት ሦስት ወራት ከነበረው ወርዷል ወይስ ወጥቷል?

ለውጣችሁ ጥቂት ከሆነ በመቶኛውን እርሱት። በወር 4 ለውጥ አድርጋችሁ 1 ከወደቀ 25 በመቶ ይላል፤ በሚቀጥለው ወር ዜሮ ይሆናል፤ ሁለቱም ምንም አይናገሩም። ቁጥሩን እንዳለ ጻፉና የስድስት ወሩን አንድ ላይ እዩ። ለወራት ዜሮ ውድቀት የሚል ሪፖርት ካያችሁ ደግሞ ከመደሰታችሁ በፊት የሚቀጥለውን ጥያቄ አንብቡ።

አንድ ብልሽት በለውጥ ምክንያት መምጣቱን እንዴት አውቃለሁ?

የሁሉም መለኪያ መሠረት ይህ ነው። ይህ ካልተሠራ የቀረው ሁሉ ባዶ ነው። ከዓመታት በፊት የሠራሁበት አንድ ድርጅት ውስጥ ወርኃዊ ሪፖርታችን 98 በመቶ ለውጥ ተሳክቷል ይል ነበር። እኔም እኮራበት ነበር። አንድ ቀን ሄልፕ ዴስክ የምትሠራ ባልደረባዬ "እናንተ ሐሙስ ማታ ሥራ ካላችሁ እኔ አርብ ጠዋት ቀደም ብዬ ነው የምገባው፤ ስልኩ አያባራም" አለችኝ። ደነገጥኩ። እሷ የምታውቀውን እኛ አናውቅም ነበር፤ ምክንያቱም የሷ ቲኬቶች አንድ ቦታ፣ የኛ ለውጦች ሌላ ቦታ ነበሩ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው አልነበረም። ስናያቸው 98 የተባለው ወደ 85 ወረደ።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። በየሳምንቱ ግማሽ ሰዓት ሄልፕ ዴስኩና ቴክኒክ ክፍሉ አብረው ይቀመጡ። አንድ ለውጥ ከተደረገ በኋላ ባሉት ሦስት ቀናት በዚያው አገልግሎት ላይ የመጡትን ብልሽቶች ሁሉ አንድ በአንድ ይጠይቁ፤ ይህ ከዚያ ጋር ይገናኛል? በብልሽት ቲኬቱ ላይም የለውጥ ቁጥር የሚጻፍበት ቦታ ይኑር። መጀመሪያ ላይ ግምት ይበዛበታል፤ ምንም አይደለም፣ "ሳይሆን አይቀርም" የሚል ምርጫም አስገቡ።

ዘግይቶ የሚወጣ ጉዳትም አለ። የወለድ ስሌት የነካ ለውጥ በወሩ አጋማሽ ምንም አይታይበትም፤ ወር ሲዘጋ፣ ይባስ ብሎም ሰኔ 30 ሒሳብ ሲዘጋ ነው የሚወጣው። ስለዚህ የተዘጋን ለውጥ መልሶ "ወድቋል" ብሎ ማስተካከል የሚፈቅድ አሠራር ያስፈልጋል። ያለፈው ወር ቁጥር ከተለወጠ ይለወጥ።

መሣሪያ የለንም፤ ያለን ኤክሴል ብቻ ነው። ይቻላል?

ይቻላል። የለውጥ ቁጥር፣ የሚነካው ሲስተም፣ የታቀደ መጀመሪያና መጨረሻ፣ የእውነት መጀመሪያና መጨረሻ፣ ዓይነቱ፣ ውጤቱ፣ ያመጣው ብልሽት። ከዚህ በላይ ዓምድ አታብዙ፤ ማንም አይሞላውም።

አንድ ነገር ግን አደራ። ሰዓቱ። እኛ ጋ "2 ሰዓት" ያለ ሰው ጠዋት ይሁን ማታ፣ ያውም በኛ ይሁን በፈረንጅ አቆጣጠር፣ አይታወቅም። ሰርቨሩ የሚመዘግበው በፈረንጅ ነው፤ አንዳንዱ ሰርቨር ደግሞ በግሪንዊች ስለሆነ ከአዲስ አበባ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ቀኑም እንዲሁ፤ አንዱ መስከረም 1 ሲጽፍ ሌላው ሴፕቴምበር 11 ይጽፋል። በዚህ መንገድ የተሰበሰበ የመቋረጥ ርዝመት ዋጋ የለውም። አንድ አቆጣጠር ምረጡ፣ በ24 ሰዓት ጻፉት፣ ኤክሴሉ ሌላ እንዳይቀበል አድርጉት።

ትንሽ ለውጥም መመዝገብ አለበት?

አዎ፣ ግን ሁሉም በአንድ ልክ አይደለም። አንድ ዓይነት ሥራ ብዙ ጊዜ ያለ ችግር ከተደረገ መደበኛ ለውጥ ብላችሁ አስቀድሞ የጸደቀ አድርጉት፤ ፊርማ አይጠብቅ፣ መዝገብ ላይ ግን ይስፈር። መመዝገቡ ሁለት ደቂቃ ከፈጀ በቂ ነው።

ትንሽ የምንለው ነገር ምን ያህል ሊጎዳ እንደሚችል በ2012 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ ናይት ካፒታል የሚባለው የአክሲዮን አገበያይ ኩባንያ ላይ ታይቷል። አዲሱ ኮድ ስምንት ሰርቨር ላይ መጫን ነበረበት፤ ባለሙያው አንዱን ዘለለው። ሌላ ሰው ደግሞ አላየለትም፤ እንዲያይለት የሚያስገድድ የተጻፈ አሠራርም አልነበረም። ነሐሴ ወር መባቻ ላይ ገበያው ሲከፈት ያ አንዱ ሰርቨር የድሮውን ኮድ ቀስቅሶ በ45 ደቂቃ ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ አከሰረ። ገበያው ከመከፈቱ በፊት ሲስተሙ ስሕተት መኖሩን የሚጠቁሙ 97 ኢሜይሎች ለሠራተኞች ልኮ ነበር፤ እንደ ማስጠንቀቂያ ያያቸው አልነበረም። ስለዚህ "ለውጡ በትክክል መጫኑን ሁለተኛ ሰው አረጋገጠ ወይ?" የሚል አንድ ዓምድ መጨመር አይበዛም።

ድንገተኛ ለውጥ በዛብን። ይህ ምን ይናገራል?

ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፤ ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። አንደኛው የእውነት ድንገተኛ ነው፤ ሲስተሙ እየወደቀ ሰው እየተሯሯጠ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የተለመደው የፈቃድ መንገድ ረጅም ስለሆነ ሰው በአቋራጭ እየሄደ ነው። ሰባት ፊርማ የሚጠይቅ ቅጽ ካለ "ድንገተኛ" የሚለውን መምረጥ ይቀላል፤ ሰውን አልፈርድበትም።

ለመለየት ያለፈውን ወር አሥር ድንገተኛ ለውጥ አውጡና አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ ይህ ሥራ ሦስት ቀን ቢዘገይ አገልግሎት ይቆም ነበር? መልሱ ብዙውን ጊዜ "አይ" ከሆነ የሚታከመው ሠራተኛው ሳይሆን ቅጹ ነው።

ሳይነገረን የሚደረገውን ለውጥ እንዴት እንለካለን? ካልተመዘገበ አይታይም እኮ።

መዝገቡ ላይ አይታይም፣ መሣሪያው ላይ ግን ይታያል። የፋየርዎሉንና የስዊቹን ኮንፊገሬሽን (ቅንብር) በየሌሊቱ ባክአፕ አድርጉ፤ የዛሬውን ከትናንቱ ጋር አነጻጽሩ። ልዩነት ካለ ቲኬት አለው? ዳታቤዙና ሰርቨሩም ላይ ማን መቼ ገባ የሚል መዝገብ አለ። ሁሉንም ማየት ካልቻላችሁ በወር ሃያ ልዩነት በዕጣ ምረጡና ቲኬት ፈልጉላቸው። ከሃያው አምስቱ ቲኬት ከሌላቸው፣ የምታቀርቡት የስኬት ቁጥር ሁሉ የሚናገረው ስላያችሁት ሥራ ብቻ ነው። በኔ እይታ ከሁሉም መለኪያ የሚበልጠው ይህ ነው፤ በጣም ጥቂት ሰው ነው የሚለካው።

የለውጥ ገምጋሚ ቦርዱ በየሳምንቱ ይሰበሰባል። ስብሰባው ይጠቅማል ወይ?

የዶራ ጥናት እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማይወደውን ውጤት ነው ያገኘው። ከቡድኑ ውጪ ባለ አካል የሚሰጥ ፈቃድ ሥራን ያዘገያል፤ የወደቁ ለውጦችን ቁጥር ግን ሲቀንስ አልታየም። የሚሻለው ሥራውን የሚያውቅ የቡድን ባልደረባ ቢያየው ነው።

ይህ ማለት ቦርዱን ነገ በትኑት ማለት አይደለም፤ ባንክ ውስጥ ከሆናችሁ ኦዲተርም አለ። ግን ቦርዱንም ለኩት። በሦስት ወር ውስጥ ስንት ለውጥ ሳያጸድቅ መለሰ? ስንቱን አሻሻለ? ከመቶ ጥያቄ መቶውንም ካጸደቀ ጊዜ እየበላ ነው። ሌላም እዩ፤ ቦርዱ ያየው ለውጥና በባልደረባ ብቻ የታየው ለውጥ የውድቀት መጠናቸው ይለያያል? በእርግጥ ከባዱ ለውጥ ወደ ቦርዱ ስለሚሄድ ተመሳሳይ ክብደት ያላቸውን ብቻ ነው ማወዳደር።

በበዓልና በሒሳብ መዝጊያ ለውጥ እናግዳለን። ቁጥራችን ያምራል፤ ይህ ስኬት ነው?

በገና፣ በፋሲካና በሰኔ መጨረሻ ማገዱ ተገቢ ነው፤ ሰው ገንዘቡን የሚፈልገው ያኔ ነው። ግን እገዳው ካለፈ በኋላ ያሉትን ሁለት ሳምንታት እዩ። የተጠራቀመው ሁሉ በአንዴ ይወጣል፤ ሲበላሽ ከአሥራ አምስቱ የትኛው እንዳበላሸ አይታወቅም። የእገዳውን ወርና ቀጣዩን ወር እንደ አንድ ቆጥራችሁ ሪፖርት አድርጉ።

ለውጡን በ20 ደቂቃ መለስነው። የማገገሚያ ሰዓታችን 20 ደቂቃ ነው ማለት እንችላለን?

ደንበኛው በ20 ደቂቃ ካልተመለሰ አትችሉም። ሐምሌ 19 ቀን 2024 (እ.ኤ.አ.) ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያ ያወጣው የተበላሸ ማሻሻያ በ78 ደቂቃ ውስጥ ተመልሷል። ግን በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ቀድሞውኑ ወድቀው ነበር፤ ብዙዎቹን ሰው ሄዶ በእጁ ነው ያስነሣቸው፤ ቀናት ፈጀ። የመመለሻ ሰዓትና የማገገሚያ ሰዓት ሁለት የተለያዩ ዓምዶች ይሁኑ። ሰዓቱ መቆጠር የሚጀምረውም እኛ ካወቅንበት ሳይሆን ተጠቃሚው መቸገር ከጀመረበት ነው።

መመለሱ ራሱ ለውጥ መሆኑም አይረሳ። በሰኔ 2012 (እ.ኤ.አ.) የብሪታኒያው አርቢኤስ ባንክ የሌሊት ሥራዎችን የሚያስኬደውን ሶፍትዌር አሻሻለ፤ ችግር ሲያይ ማሻሻያውን አነሣ፤ ማንሣቱ የሚያመጣውን ግን አስቀድሞ አልፈተሸም ነበር። በብሪታኒያ ብቻ ከ6.5 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች ተጎዱ፤ በ2014 በጠቅላላው 56 ሚሊዮን ፓውንድ ተቀጣ። የናንተ የመመለሻ ዕቅዶች ውስጥ ስንቱ ተሞክሯል? ወረቀት ላይ ያለው ሳይሆን የተሞከረው። ይህም ይለካል።

ሲስተሙን የሚነካው ቬንደሩ (ሲስተሙን ያቀረበልን ድርጅት) ነው። የሱ ስሕተት በኛ ላይ ይቆጠራል?

ይቆጠራል። ደንበኛው የሚያውቀው እናንተን ነው። በ2018 (እ.ኤ.አ.) ቲኤስቢ የተባለው የብሪታኒያ ባንክ ደንበኞቹን ወደ አዲስ ሲስተም ሲያዛውር ሥራውን የሠራው የእናት ኩባንያው የአይቲ ድርጅት ነበር፤ በ2022 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ የተቀጣው ግን ባንኩ ነው። የወቅቱ የአይቲ ኃላፊውም በግሉ ተቀጥቷል። ስለዚህ ቬንደሩ በርቀት ሲገባ የናንተ ቲኬት ይኑር፤ የውድቀት መጠኑን ለብቻው አውጡትና ውል ሲታደስ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት።

መለካት ከጀመርን ወዲህ ቁጥሩ በጣም ተሻሻለ። እውነት መሆኑን እንዴት አውቃለሁ?

ሄልፕ ዴስኩን ጠይቁ። የለውጥ ውድቀት በግማሽ ወርዶ የስልክ ጥሪው እንዳለ ከሆነ የተሻሻለው አመዘጋገቡ ነው። ያለ ቲኬት የተደረጉትንም እዩ፤ እነሱ እየበዙ ከሆነ ሰው እየደበቀ ነው።

የሚደብቀው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ስለፈራ ነው። ቁጥሩን ከግለሰብ ስም ጋር አያይዛችሁ ለዓመታዊ ምዘና ከተጠቀማችሁበት፣ ወይም ለውጡ የወደቀበትን ልጅ በስብሰባ ፊት ካስቆማችሁት፣ ቀጣዩን ብልሽት ሌሊት ብቻውን ጠግኖ ዝም ይላል። ያን ጊዜ የምታጡት ቁጥሩን ብቻ አይደለም፤ ያ ብልሽት ለምን እንደመጣ የሚያውቀውን ብቸኛ ሰው ድምፅ ነው። ቁጥሩን በቡድን ወይም በሲስተም ደረጃ ያዙት። "ማን ነው?" ከማለት "ሲስተሙ ይህን እንዴት አሳለፈው?" በሉ። መጀመሪያ ራሱ መጥቶ "እኔ ነኝ የነካሁት" ያለውን ሰው በሁሉም ፊት አመስግኑት። እንዲህ ባደረግን በቀጣዩ ወር የውድቀት ቁጥራችን ጨምሮ ነበር፤ ለአለቃዬ ይዤ ስገባ ያስረዳሁት ቁጥሩ ለምን እንደጨመረ ነው።